እየጠፋ ስለሚያስቸግር የከሰል ምድጃና በዝግ ቤት ውስጥ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በአዲስ አበባ ከተማ በቦሌና ከዚያም በስተምሥራቅ በሚገኙት በገርጂ፣ በጉርድ ሾላ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ በቦሌ ቡልቡላና በቦሌ አራብሳ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ የኤሌክትሪክ ኃይል ተጠቃሚ ቢሆንም፣ የከሰል ምድጃን ከቤቱ ያላስወጣው ቤተ ሰብ እጅግ ብዙ ነው። ቡና ይፈላበታል፤ ወጥ ይሠራበታል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ምድጃ ተክቶ ያገለግላል፤ በክረምቱ ዝናብና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ብርድም ቤት ለማሞቅ ይቀርባል። ስለዚህ ምድጃው በሥራው መካከል እየጠፋ ሲያስቸግር የቤቱ ሰው መማረሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

ብዙ ሰው ይህንን ችግር የጊዜና የገንዘብ ኪሣራ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። በእርግጥም ኪሣራ አለበት። ነገር ግን ከኪሣራው የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በሚገባ ከሚነድ እሳት ይልቅ እየታፈነ የሚጠፋ እሳት እጅግ የበዛ መርዝ የሚያወጣ መሆኑ ነው። የምድጃው መጥፋት እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በታች በመጀመሪያ ምድጃ የሚጠፋበትን ምክንያትና የሚታረምበትን መንገድ፣ ቀጥሎም ከጠፊው እሳት የሚወጣው መርዝ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተራ እንገልጻለን።

እሳት የሚጠፋበት ምክንያት

እሳት በሕይወት የሚቈየው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፤ እነርሱም ማገዶ፣ አየርና ግለት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል እሳቱ ይደክማል፤ ፈጽሞ ሲታጣም ይጠፋል። የምድጃ ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ወደ አንዱ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ መርማሪው ሰው ራሱን «የጐደለው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ላይ የተሠራች ከተማ መሆኗንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር በእያንዳንዱ የአየር ልክ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ አገር በትንሽ ቀዳዳ የሚነድ ምድጃ እዚህ ሰፊ የአየር መግቢያ ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። እሳቱም በዚያው ልክ ረዘም ላለ ጊዜ መንደድ ይኖርበታል።

ምድጃው የሚጠፋበትን ጊዜ ማስተዋል

ከሁሉ አስቀድሞ ምድጃው መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋል ምክንያቱን ለማወቅ በብዙ ይረዳል። በተለኰሰ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከከሰሉ እርጥበት ወይም ከማቀጣጠያው ማነስ ነው። ጥሩ አድርጎ ከነደደ በኋላ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ፣ ዐመድ የአየሩን መንገድ ዘግቶታል ማለት ነው። ድስት በተጣደበት ጊዜ ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ድስቱ እሳቱን አፍኖታል። ይህን ካስተዋሉ በኋላ ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩትን በየተራ መመርመር ነው።

አንደኛ፤ ዐመድ። በከሰሉ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች የምድጃው ሳንባ ናቸው። የትናንቱ ዐመድ ሳይጠረግ አዲስ ከሰል የተጨመረበት ምድጃ ከመጀመሪያው የታፈነ ነው። ስለዚህ ምድጃው በቀዘቀዘ ጊዜ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ወይም በእንጨት መክፈት፣ ከታችኛው በር ያለውን ዐመድ ፈጽሞ ማውጣት፣ በሩም በሚነድበት ጊዜ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ዞሮ እንዲቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ምድጃው በሚገባ መተንፈሱን ለማወቅ የሚጤስ ጭራሮ በታችኛው በር አጠገብ መያዝ ነው፤ ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መንገዱ ክፍት ነው፤ ባለበት ከቆመ ወይም ወደ ውጭ ከተመለሰ ግን ተዘግቷል።

ሁለተኛ፤ እርጥበት። በክረምት ወራት ከሰል በጭነት መኪና ላይም ሆነ በመንገድ ዳር በጆንያ ተቀምጦ ሳለ ዝናብ ይጠጣል። እርጥብ ከሰል ሲያነሡት ይከብዳል፤ ሲለኰስ እየተንጣጣ ይጤሳል። ግለቱ ሁሉ ውኃውን በማድረቅ ስለሚያልቅ እሳቱ አይዝም። መድኃኒቱ ከሰሉን በፀሐይ ቀን ዘርግቶ ማድረቅና ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ነው። እርጥቡን ከሰል ለማድረቅ ብሎ ከሚነድ ምድጃ አጠገብ መደርደር ግን ለቃጠሎ አደጋ የሚያጋልጥ ስለ ሆነ አይገባም።

ሦስተኛ፤ የከሰሉ ዓይነት። በሚገባ ሳይከስል የወጣ ከሰል ውስጡ ገና እንጨት በመሆኑ ይጤሳል፤ ዐይንም ያቃጥላል። የደቀቀው ከሰል ደግሞ በትላልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አየር ያሳጣል። ስለዚህ ከመለኰስ በፊት ደቃቁን በወንፊት መለየትና ትላልቆቹን ተቀራራቢ መጠን እንዲኖራቸው መስበር ይጠቅማል። የተለየው ደቃቅ የሚጣል አይደለም፤ በጥቂት የሸክላ ጭቃ ተለውሶ፣ ተድበልብሎና በፀሐይ ደርቆ እንደ ገና ለማገዶ ይሆናል። ነገር ግን ጭቃው ከበዛ ወይም በሚገባ ሳይደርቅ ከቀረበ እርሱም እየጠፋ ያስቸግራል።

አራተኛ፤ የድስቱ አቀማመጥ። የድስቱ ሥር ከከሰሉ ጋር ከተነካካ፣ ወይም ድስቱ ከምድጃው አፍ ሰፍቶ ዙሪያውን ከገጠመው፣ የተቃጠለው አየር መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ አየር መግቢያውንም ይዘጋል። ድስቱ የሚያርፍባቸው ጉልቻዎች ካረጁ ወይም ከተሰበሩ መጠገን ይገባል፤ ከሰሉንም እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

አምስተኛ፤ የምድጃው እርጅና። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተስፋፋው «ላቀች» የተባለው ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ ያለው ሲሆን፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቈጥባል። ቁጠባው የሚገኘው ሸክላው ግለቱን ስለሚይዝ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅና ሲፈርስ ግን ግለቱ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ስብርባሪውም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። እንዲህ ያለውን ምድጃ ሸክላውን ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፤ አለኳኰስ። እሳቱን ለማስያዝ ፌስታልና ላስቲክ ማቃጠል የተለመደ ቢሆንም ጢሱ ለሳንባ ጎጂ፣ ለምግቡም አስጸያፊ ነው። በደከመ ፍም ላይ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መጨመር ደግሞ ነበልባሉን በድንገት ወደ ፊት የሚወረውር ስለ ሆነ ከቶ አይገባም። ደረቅ ጭራሮና ትዕግሥት ይበቃል።

ራሱን የሚያጠፋ ምድጃና ራሱን የማያጠፋ ምድጃ

በብርድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት አንድ ዓይነት ምድጃ አለ። የሚነደውም ከእንጨት ብናኝ፣ ማለትም ከሰጋቱራ፣ በኃይል ተጨምቆ በተሠራ ደቃቅ ፍሬ ነው። ይህ ምድጃ ዐመድ ሲበዛበት፣ ፍሬው ሲረጥብበት ወይም የጢስ መውጫው ሲደፈንበት በውስጡ ያሉት መቈጣጠሪያዎች ያውቁና ራሱን በራሱ ያጠፋል። ባለቤቱ በመጥፋቱ ቢማረርም፣ ምድጃው የጠፋው መርዙ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው። የሚገባው ሥራ ዐመዱን መጥረግና የጢስ መውጫውን መክፈት እንጂ፣ መቈጣጠሪያውን አታሎ በግድ ማስነደድ አይደለም።

የእኛ የከሰል ምድጃ ግን የጢስ መውጫም ሆነ መቈጣጠሪያ የለውም። ሲታፈን ፈጽሞ ከመጥፋቱ በፊት ለብዙ ሰዓት እየደከመ ይቈያል፤ የሚያወጣውም ሁሉ በቀጥታ ሰው ወደሚተነፍሰው አየር ይገባል። ስለዚህ የምድጃው መቈጣጠሪያ የቤቱ ሰው ራሱ ነው።

ከደከመ ፍም የሚወጣው መርዝ

ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይሰጣል። አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። በሚነድ ከሰል ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ በመቃጠል ላይ ሳለ ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ጋዙ ሳይቃጠል እንዳለ ወደ ቤቱ ይወጣል።

ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕምም የለውም። ብዙ ሰው «ጢሱ ወጥቶለታል፤ አሁን ቀልቷልና አይጎዳም» እያለ ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። የሚታየው ጢስ ዐይንን ስለሚያቃጥል ሰውን ያስጠነቅቃል፤ የማይታየው መርዝ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዕጣን ቢጨስበትም ሽታውን ይለውጥ እንደ ሆነ እንጂ መርዙን አይቀንሰውም። እሳቱን ለነገ ለማቈየት በዐመድ መዳፈንም አየር ማሳጣት ስለ ሆነ፣ የተዳፈነ ፍም ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ማደር የለበትም።

በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ አካል ሁሉ የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የተባለ ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ በርናር ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ የሚወስድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1857 ገልጧል። ስለዚህ የተመረዘው ሰው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ ይታፈናል፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዱትም አንጎልና ልብ ናቸው። በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመምተኞች ከሌላው ይልቅ በብርቱ ይጎዳሉ።

አደጋው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ባለፈው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ወለሉን በተጠፈጠፈ የድንጋይ ከሰል ያሞቅ በነበረበት ጊዜ፣ በወለሉ ስንጥቅ በገባው በዚሁ ጋዝ ብዙ ሰው በእንቅልፉ ሞቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከነጭ ጋዝ በሚወጣ የቤት ውስጥ አየር ብክለት የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በከተማችንም በክረምትና በብርድ ወራት በከሰል ጢስ ታፍነው የሞቱ ሰዎች ወሬ በየጊዜው ይሰማል።

በጋራ መኖሪያ ቤቶችና በጥበቃ ቤቶች

እ.ኤ.አ. በ2004 በገርጂ በሙከራ ተጀምሮ በኋላ በመላው ከተማ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ከቀድሞው የጭቃ ቤት በብዙ ይለያል። የጭቃ ቤት በጣራውና በግድግዳው ስንጥቅ ብዙ አየር ያስገባ ነበር፤ የብሎኬቱ ቤት ግን በሩና መስኮቱ ከተዘጋ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ነው። ስለዚህ በወላጆች ቤት ለዘመናት «ምንም አላደረገንም» የተባለው ልማድ በአዲሱ ቤት ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው ከሰሉን በደረጃና በመተላለፊያ ላይ ሳይሆን በግቢው ወይም በበረንዳ ላይ ይለኵስ፤ በበረንዳም ሲሆን ከልብስና ከጋዝ ሲሊንደር ያርቀው፤ ወደ ክፍሉ የሚያስገባውንም በር ይዝጋ። በየግቢው ለምግብ ማብሰያ የተሠራው የጋራ ሕንፃ ባለበት በዚያ መጠቀም የተሻለ ነው። በእንጨት እንጀራ ለሚጋግሩም ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቈጥባል።

ለቡና ሥነ ሥርዓት ምድጃ ወደ ቤት መግባቱ የግድ ከሆነ፣ በርና መስኮት ትይዩ ተከፍተው ነፋስ እንዲያልፍ ይደረግ፤ ምድጃውም በበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው እንደ ተቀዳም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጣ። በመኝታ ቤት ግን መስኮት ቢከፈትም እንኳ ከሰል አይግባ።

በቦሌ ግቢዎች በር ላይና በአዳዲስ ሕንፃዎች ሥራ ቦታ በጠባብ የቆርቆሮ ቤት የሚያድሩ ዘበኞችም ለዚህ አደጋ እጅግ የተጋለጡ ናቸው። ሌሊቱን በብርድ የሚጠብቅ ሰው ፍም አስገብቶ በሩን ቢዘጋ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ወፍራም ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ነፋስ የማያስገባ ልብስ ሊሰጠው የሚገባ አሠሪ አለና።

የመመረዝ ምልክቶችና የመጀመሪያ እርዳታ

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ የራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መድከም ናቸው። ሲብስ አሳብ ይታወካል፤ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ሰው ይህን በጉንፋን ወይም በምግብ ብልሽት ያሳብበዋል። ነገር ግን ትኩሳት ሳይኖር በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ወደ ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ምድጃውን መጠርጠር ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ተኝቶ ያለ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሳያውቅ ወደ ሞት የሚሻገር መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የሚከተለውን በተራ ማድረግ ነው።

1ኛ/ በሩንና መስኮቱን እየከፈቱ የታመሙትን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት። ምድጃውን ለማውጣት ሲባል ሰዎቹ አይዘግዩ። የሚረዳውም ሰው በውስጥ አይቈይ፤ ራሱም ሊወድቅ ይችላልና።

2ኛ/ ወደ አዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ መከላከያ በ939፣ ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል።

3ኛ/ ራሱን የሳተው ሰው የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ማስተኛት፤ የማይተነፍስ ከሆነ ሥልጠና ያለው ሰው ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ይስጠው።

4ኛ/ ወተት፣ ሎሚ ወይም ሌላ መጠጥ በአፉ አለማፍሰስ። ይህ መርዙን አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል።

5ኛ/ የተሻለው ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ። በደም የገባው ጋዝ በንጹሕ አየር ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጥ ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይቀንሳል። ለሐኪሙም በቤቱ ውስጥ ከሰል ይነድ እንደ ነበረ መንገር እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክሲጅን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች መለየት ስለማይችል፣ የተመረዘውን ሰው ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላልና።

ማጠቃለያ

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምድጃዎ እየጠፋ ቢያስቸግርዎ በመጀመሪያ ወደ ደጅ ያውጡት፤ ቀጥሎም ዐመዱን፣ የከሰሉን ድርቀት፣ የድስቱን አቀማመጥና የሸክላውን ደኅንነት ይመርምሩ። በር ዘግቶ ደካማ እሳትን ታቅፎ ከመቀመጥ፣ በርን ከፍቶ ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ይሻላል። ማታ ከመኝታ በፊትም የቤቱ ታላቅ የሆነ ሰው «ፍሙ ወጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ፍሙም ደጅ ወጥቶ በውኃ ይጥፋ፤ ውኃው ሲፈስ የሚነሣው እንፋሎት እንዳያቃጥል ፊትና እጅ ይራቅ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህች አጭር ጥያቄ በየሌሊቱ ብትጠየቅ የአንድ ሙሉ ቤተ ሰብ ሕይወት ታተርፋለች።